ልጁ ጫማ አልነበረውም፤ አሮጌ ፎቶ ስለሚያድስ አንድ ቤት

ፎቶ ቤቱ ስም የለውም። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ፎቶ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «አሮጌ ፎቶ እናድሳለን» ይላል። ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ ዳቦ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ያሠራሁት ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚያ አንድ ፎቶ ብዙ የምናገረው አለኝ፤ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ወስጄው የደረሰብኝ ነገር በማንም እንዲደርስ አልፈልግም።

ፎቶው የአያቴ ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተከረከመ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ገደላማ ቦታ ላይ በጠጠር መንገድ ዳር አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቆሟል። መሪው ላይ ባርኔጣ ያደረገ ባለ ሪዝ ሰው ተቀምጧል። ሁለት ሰዎች የፊት ጎማው ሥር አጎንብሰዋል። በፎቶው ቀኝ ጫፍ ብቻውን የቆመ ልጅ አለ፤ እጁ ላይ ጥቁር ነገር ይታያል። አያቴ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በደሴና በአሥመራ መስመር ከ30 ዓመት በላይ መኪና የነዳ ሰው ስለነበር፣ ይህ ፎቶ በቤታችን «አባባ መኪና ሲነዳ» ነው የሚባለው። ሴት አያቴ ሳሎን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቅላው ኖረች። እኔም ልጅ ሆኜ ባለ ባርኔጣውን ሰው እያየሁ አያቴን እወድ ነበር።

ባለፈው ዓመት ፎቶው ከመስታወቱ ጋር መጣበቅ ጀመረ። አንዱ ማዕዘን ተቀዶ የሆነ ዘመድ በፕላስተር አያይዞታል፤ ጥቁሮቹ ቦታዎች ጠርዝ ጠርዙን እንደ ብር ያብረቀርቃሉ። ደነገጥኩና አንድ ትልቅ፣ መብራት የሞላበት ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፤ ሠራተኞቹ ትሑታን ነበሩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ በሞባይል አንሥተው፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው፣ «አድሰንልሻል፤ ቀለምም ጨምረንበታል» ብለው በትልቁ አትመው ሰጡኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኗል፤ መኪናው ቀይ ሆኗል፤ የሁሉም ፊት ጥርት ብሏል። ቤት ወስጄ ለአክስቴ ሳሳያት ዝም ብላ ቆየችና «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ዐይኔ የተገለጠው። በባዶ እግሩ የቆመውን ልጅ ኮምፒውተሩ ጫማ አድርጎለታል። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ማሰሪያ ያለው የከተማ ጫማ። እጁ ላይ የነበረው ጥቁር ነገር እንደ እድፍ ተቆጥሮ ተጠርጓል፤ ጣቶቹ ባዶ ሆነው ተንጠልጥለዋል። ከመኪናው ጀርባ ቆሞ የነበረው ረጅም ነገር ኮት የለበሰ ሰው ሆኗል። የባለ ባርኔጣው ሪዝ እንኳ ሌላ ሪዝ ነው። ፎቶው አልታደሰም፤ በእኛ ፎቶ ቦታ ሌላ ሰዎች ያሉበት ሌላ ፎቶ ተሠርቷል። በጣም ያናደደኝ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ አንድም ጥያቄ ያልጠየቁኝ መሆናቸው ነው።

ወደዚህኛው ቤት የላከችኝ እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት የሆነች ባልደረባዬ ናት። ባለቤቱ በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ድሮ በጨለማ ክፍል ፊልም እያጠቡ የተማሩ ሰው ናቸው። ፎቶውን ከቦርሳዬ ሳወጣ አልተቀበሉኝም። «አንዴ ልጄ፣ አስቀምጪው» አሉና እጃቸውን ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጠፉ። ከዚያ ፎቶውን ገና ሳያዩት ገለበጡትና ጀርባውን ተመለከቱ።

ስለ ጀርባው አንድም ቀን አስበን አናውቅም። ለእኛ ባዶ ነበር፤ የሻገተ ቢጫ ወረቀትና መሐሉ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ዝርግ ነጠብጣብ። እርሳቸው የክፍሉን መብራት አጠፉ። ትንሽ የእጅ ባትሪ አምጥተው ከወረቀቱ ጎን፣ ጠረጴዛው ላይ ሊያርፍ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው አበሩት። ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ አግድም ሲሄድ መጀመሪያ በሰያፍ የታተመ ግራጫ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በላቲን ፊደል «ፌራኒያ» ይላል። ፊልምና የፎቶ ወረቀት ያመርት የነበረ የጣሊያን ድርጅት ነው። ቀጥሎ ወይን ጠጁ ነጠብጣብ ውስጥ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ መስመር ታየ። «ኮፒያ እርሳስ ነው» አሉኝ። «ውኃ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል። እርሳሱ የጫነው ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል።» እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው ሳይነኩ እየጠቆሙ አስነበቡኝ፦

ጣርማ በር። ሐምሌ 41። ጎማ ስንቀይር። እኔ በቀኝ።

የአያቴ «ቀ» ናት። ቁጥር ሲጽፍም ፊደል ሲጽፍም እንዲህ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ዘጠኝ ቀን ወሰደ፤ በመሐል መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ ነው እንጂ ሰባት ነበር የተባልኩት። ሥራቸውን ቁጭ ብዬ የማየት ዕድል ስላገኘሁ፣ ለገንዘቤ ምን እንዳገኘሁ በትክክል መናገር እችላለሁ። ፎቶውን በጨርቅም በውኃም አልነኩትም፤ በጎማ መንፊያ አየር ነፍተው አቧራውን ብቻ አራገፉት። ፕላስተሩን እንዲያነሡልኝ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ሙጫው ከምስሉ ጋር ተዋህዷልና ሲነሣ ምስሉን ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህ ይቆይ። በጠፍጣፋ ስካነር ላይ ፊቱንም ጀርባውንም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ አድርገው ገለበጡት። ከዚያ በላይ ለምን እንዳላደረጉት ስጠይቃቸው፣ ወረቀቱ የያዘው ዝርዝር እዚያ ላይ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሚተልቀው የወረቀቱ ሻካራነት ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። ይህች መዳፍ የማትሞላ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ 12 ሚሊዮን ነጥብ ሆነች።

ከዚያ ጠጋ ብለን አየን። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ካርታና የአየር ፎቶ ማንበብ ሥራዬ ነው። የራሴን ቤት ፎቶ ግን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት በዚያ ቀን ነው።

ከመኪናው ጀርባ የቆመው ረጅም ነገር ሰው አይደለም፤ ጅባራ ነው። ከታች የቅጠሉ ጉንጉን፣ ከላይ ቀጥ ያለው የአበባ ግንዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጅባራ ብርድ የሚወድ የከፍተኛ ደጋ ተክል ስለሆነ፣ ጀርባው ላይ «ጣርማ በር» ባይባል እንኳ ከፍታውን ይነግረን ነበር። ሰማያዊ ተደርጎ የተቀባው ሰማይም ሰማይ አልነበረም። በሐምሌ ጣርማ በር ላይ ሰማይ የሚባል ነገር የለም፤ ጉም ነው። ከደብረ ሲና በላይ ባለው በዚያ አፋፍ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ መንገዱን ሲውጥ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኛ «ፎቶው ነጥቷል፣ ደብዝዟል» ስንል የኖርነው ያን ቀን የነበረውን ጉም ነው። ባለቤቱም ይህን ስነግራቸው ሊያጠቁሩት የጀመሩትን የላይኛውን ክፍል ወዲያው እንደነበረ መለሱት።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር። መሪው በመኪናው ቀኝ በኩል ነው፤ እንግዲያው ፎቶው ሲታተም ተገልብጦ ይሆን? ተገልብጦ ከሆነ «እኔ በቀኝ» የሚለውም ይገለበጣል። እርሳቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ታርጋውን አጎሉልኝ። ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ይነበባሉ። ቀጥሎ የባለ ባርኔጣውን ኮት አዝራር አሳዩኝ፤ የወንድ ልብስ እንደሚቆለፈው ነው የተቆለፈው። ፎቶው አልተገለበጠም። የቀረውን የነገረኝ አባቴ ነው። ሁለተኛውን ቀን አብሮኝ መጥቶ ነበርና ኮፈኑንና ራዲያተሩን ገና ከማየቱ «ትሬንታ ኳትሮ!» ብሎ ጮኸ። ፊያት 634 ማለቱ ነው፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 የሠራው፣ ጣሊያኖች ራሳቸው «ዝሆን» ያሉት የናፍጣ መኪና። በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን አፋፍ አሻግሮ እንዲያይ የጣሊያን ከባድ መኪናዎች መሪ በቀኝ ይሆን ነበር። በዚያ ላይ አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምትነዳው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ጥሏቸው ከሄደው ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ በእኛ ሰዎች እጅ ገብተው ለዓመታት ሠርተዋል። ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ እስከዚህ ፎቶ 41 ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። በዚያ መንገድ በመኪና መሄድ ገና ትንግርት የነበረበት ጊዜ ነው።

አባቴ ቀጥሎ የልጁን እጅ አየ። ጥቁሩን ነገር እኛ ዳቦም ቦርሳም እያልን ስንገምት ኖረናል፤ ጣት የነካው እድፍ ነው ያለም ነበር። ሲጎላ ጠርዙ ሾጣጣ፣ አንድ ጎኑ ሰያፍ የሆነ እንጨት ነው። አባቴ ለረጅም ጊዜ አላወራም። «ታኮ ነው» አለ በመጨረሻ። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚወሸቀው እንጨት ነው። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ፔዳናው ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ መኪናው ሲዝል፣ ፍሬኑ ሲግል፣ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ይጥላል። ዘግይቶ ከጣለ መኪናውም ሰዎቹም ገደል ናቸው። ፎቶው ላይ የኋላ ጎማው ሥር አንድ ታኮ ገብቷል፤ ልጁ የያዘው ሁለተኛውን ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ሠራነው። አያቴ ጣሊያን ሲገባ የ3 ዓመት ልጅ ነበር። በሐምሌ 1941 የ16 ዓመት ልጅ ነው። መሪው ላይ ያለው ሰው ቢያንስ አርባ ዓመት ይሆነዋል። በቀኝ ያለው ልጅ ነው።

እኔ ግን አላመንኩም። አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሲወደው የኖረውን ፊት በሒሳብ አይለውጥም። የታደሰውን ፎቶ አክስቴ ዘንድ ወሰድኩት። ጀርባው ላይ ስላለው ጽሑፍም ስለ ታኮውም አልነገርኳትም። መነጽሯን አድርጋ ባለ ባርኔጣውን አለፈችው፤ ጎማው ሥር ያሉትን አለፈቻቸው። ልጁ ጋር ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «አባዬን! እግሩን እዩልኝ!» አለች።

ልጁ ቀኝ እግሩን በግራ እግሩ ላይ ጭኖ ነው የቆመው። የታችኛው እግር ጣቶች ጭቃው ውስጥ ተከፍተው ተተክለዋል፤ የላይኛው እግር ተረከዝ በታችኛው ቁርጭምጭሚት ላይ አርፏል። ብርድ የገባው ሰው አንዱን እግሩን በሌላው የሚያሞቅበት አቋቋም ነው። አያቴ ሸምግሎም፣ ጫማ አድርጎም፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲያስቀድስ እንዲሁ ነበር የሚቆመው፤ አንዱ ጫማ በሌላው ጫማ ላይ። ሴት አያቴ «ጫማውን ጨረስከው» እያለች ትቆጣው እንደነበር እኔም አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ቤት ጫማ ሲያደርግለት እግሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ነበር ያቆማቸው። አያቴን የምናውቅበትን ብቸኛ ምልክት ነው የሰረዙብን።

ለዚህ ነው ይህን ቤት የማመሰግነው። ያደሱልኝን ፎቶ ከዋናው ጎን አድርጌ በማጉያ መነጽር ፈትሼዋለሁ። የሞሉት ጭረቶችን ብቻ ነው፤ ያውም ግራና ቀኙ ግልጽ ሆኖ መሐሉ ምን እንደነበረ የሚያጠራጥር ባልሆነበት ቦታ። የተቀደደው ማዕዘን ባዶውን ቀርቷል። «እዚያ ምን እንደነበረ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። እኔ ከሞላሁት የእኔ ይሆናል» አሉኝ። የሁለቱ አጎንባሾች ፊትም እንደደበዘዘ ነው። ጥቁሩና ነጩ ግን ተመልሷል፤ የባለ ባርኔጣው ኮት እጥፋት፣ የጎማው ጥርስ፣ ጭቃው ላይ ያለው የጎማ ፈለግ ሁሉ ይነበባል።

ዋጋውን ለሚጠይቅ፣ ስካን ለአንድ ፎቶ 250 ብር፣ እድሳቱ 1800 ብር ከፈልኩ፤ በቴሌብር ይቀበላሉ። ከመጀመሪያው ቤት ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ አልቆጨኝም። በፍላሽ ሦስት ፋይል ሰጡኝ፦ ያልተነካው፣ የታደሰው፣ እና ለስልክ የሚሆን ትንሹ። ያልተነካውን እንዳላጠፋው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁኝ፤ በቴሌግራም ለዘመድ ስልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ካልላክሁት ጥራቱን እንደሚቀንሰው ጭምር ነገሩኝ። ዋናው ፎቶ ወደ ፍሬሙ ሲመለስ መስታወቱን እንዳይነካ በዙሪያው ወፍራም ወረቀት አስገቡለት፤ ለዚያ አላስከፈሉኝም።

የማልወደውም አለ። ኅትመታቸው ከእድሳታቸው ጋር አይመጣጠንም። ያላቸው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ብቻ ስለነበር የጉሙ ለስላሳ ግራጫ መስኮት ፊት ሲሆን ያንጸባርቃል፤ እኔ ፋይሉን ይዤ ሌላ ቦታ በደብዛዛ ወረቀት አሳትሜዋለሁ። ወረፋም አለ። አንድ ሰው ብቻ ስለሚሠሩ፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚነሣ ሰው በገባ ቁጥር የእናንተን ሥራ አቋርጠው ይነሣሉ። ደረሰኝ የሚጽፉት በእጅ ነውና የፎቶውን መግለጫ ራሳችሁ አንብባችሁ አረጋግጡ፤ የእኔ ላይ «መኪና» ብቻ ነበር የተጻፈው፤ አስተካክሉልኝ ስላቸው «ጣርማ በር፣ 1941፣ ረዳቱ በቀኝ» ብለው በደንብ ጻፉልኝ። ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ብትሄዱ መብራትም እርሳቸውም ይገኛሉ።

የሳሎናችን ፎቶ ስም ተለውጧል፤ አባቴ አሁን «አባባ ታኮ ይዞ» ይለዋል። አክስቴ የራሷን ቅጂ አሳትማ አልጋዋ አጠገብ አድርጋዋለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በአያቴ ስም ሳሎናችን ውስጥ የኖረው ባለ ባርኔጣ ሹፌር ማን እንደሆነ ከቤታችን የሚያውቅ የለም። አያቴ መኪና መንዳት የለመደው ከእርሱ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ፊቱን ብቻ ለይተው፣ ምንም ሳይጨምሩበት፣ በፖስት ካርድ መጠን አወጡልኝ፤ ታርጋውንም በሌላ ወረቀት። ለገና ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ አባቴ የሚያውቃቸው ጡረታ የወጡ ሁለት የዚያ መስመር ሹፌሮች ስላሉ ይዤላቸው እሄዳለሁ።